ጅራት የሌላቸው ኮከቦች

መምህር በሪሁን እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነበር። ጎሬ ሲያስተምር አንድ ተቆጣጣሪ ተማሪዎቹ ፊት ቢዘልፈው ከነወንበሩ አንሥቶ በረንዳው ላይ ጣለው፤ ወደ ጋምቤላ የተዛወረውም በዚሁ ጥፋት ነው። በዚያ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አንድ የደጋ ሰው ጋምቤላ ተመደበ ሲባል ቤተሰቡ ወባውን አስቦ ከወዲሁ ያለቅስለት ነበር። በሪሁንን ወባ ደጋግማ ጣለችው፤ እሱም ደጋግሞ ተነሣ። የገበያው ሰው ወባዋም ብትሆን ጥፊውን ፈርታ ለቀቀችው እያለ ይስቅበት ነበር።

ይህ ቁጡ ሰው ታዲያ የሚሰክንበት አንድ ነገር ነበረው፤ ሰማይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ላየ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ትታያለች። አንድሮሜዳ ትባላለች። ነጥብ መምሰሏ ከርቀቷ ነው እንጂ እንደኛ ፀሐይ ያሉ ፀሐዮች ተቆጥረው የማያልቁባት፣ ክንዶቿን ጠምዝዛ የምትዞር ሌላ የከዋክብት አገር ናት። ብርሃኗ ወደኛ ጉዞ ሲጀምር ሰው የሚባል ፍጥረት በምድር ላይ አልነበረም። በሪሁን ይህን ከመጽሐፍ ማንበቡ አላረካውም። የእነዚያን ክንዶች ጥምዝ በገዛ እጁ ፎቶ አንሥቶ ማየት ፈለገ። ሚስት አላገባም፣ ቤት አልሠራም፤ ያለውን ጉልበት ሁሉ በዚህች ፎቶ ላይ አዋለው።

የሰማይ ማያ መሣሪያውን፣ ቴሌስኮፑን፣ የሠራው እዚያው ጋምቤላ ካገኘው ነገር ነው። ባሮ ወንዝ ዳር ተገትሮ ከቀረ አሮጌ መርከብ መስኮት ላይ ወፍራም ክብ መስታወት ነቀለና በአሸዋና በውሃ እየፈተገ ዓመት ሙሉ አጎደጎደው፤ ከዚያ በብር ለበጠው። ቱቦውን የሠራለት ኦሞድ ነው። ኦሞድ ታንኳ ጠራቢ አኝዋክ ነበር፤ ግንድ ቦርቡሮ ታንኳ በማውጣት በዚያ ወንዝ ዳር የሚስተካከለው አልነበረም። ቱቦውንም ልክ እንደ ታንኳ ቦረቦረው፤ ሁለቱም ጫፉ ክፍት ስለሆነ «ይሄ ታንኳ ይሰጥማል፣ መምህር» እያለ ይቀልድ ነበር።

ካሜራውና ፊልሙ የኢድሪስ ነው። ኢድሪስ ከወሎ መጥቶ ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት የከፈተ፣ ሳቂታ፣ ቀጭን ሰው ነበር። እሱ ደንበኛውን እያሳቀ ያነሣል፤ ሚስቱ ራሂማ ጨለማው ክፍል ገብታ ፊልሙን ታጥባለች። በሪሁንን «ተው» ብሎ የሚያስተወው ሰው በዓለም ላይ ኢድሪስ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁልጊዜ አይሳካለትም።

የሥራው ችግር ይህ ነው። ከዚያ ርቀት የሚመጣ ብርሃን ፊልም ላይ እስኪጠራቀም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ሰማዩ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ በሪሁን ቱቦው ጎን ባለችው ትንሽ መመልከቻ አንዲት ኮከብ ይመርጥና የሸረሪት ድር በመስቀል የተወጠረበት መሃል ላይ ያስቀምጣታል። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሣ ቱቦውን የሚያንቀሳቅሰውን ብሎን በጣቱ ቀስ እያደረገ እያዞረ ይከተላታል። ኮከቧ ከመስቀሉ ፈቀቅ ካለች፣ ወይም እጁ ከደነገጠ፣ ፊልሙ ላይ ያለው ኮከብ ሁሉ ጅራት ያወጣል። ዓምና ያነሣቸው በሙሉ ጅራታም ነበሩ። ራሂማ አጥባ ታወጣና «መምህር፣ እርስዎ የሚያነሡት ኮከብ ነው ወይስ የእንቁራሪት ልጆች?» ትለዋለች። እያደር ጅራቱን ማንበብ ለመደች። አንዱን ፊልም ወደ ብርሃን አንሥታ «እዚህ ላይ አስነጥሰዋል» ብትለው፣ እውነትም አስነጥሶ ነበር።

ጠቡ የመጣው በቱቦው ነው። ባላምባራስ ጓንጉል የሚባል፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሎሌዎች የሚያስከትል ቡና ነጋዴ፣ ወደ ኢታንግ ቡና የሚያወርድበት ታንኳ ኦሞድን አዞት ነበር። ኦሞድ ዘንድሮ ለተሰነጠቀው ቱቦ ምትክ ሲቦረቡር ታንኳው ዘገየ። ጓንጉል ቅዳሜ ገበያ መሃል አገኘውና በሎሌዎቹ አስይዞ በጉማሬ አለንጋ ይገርፈው ጀመር። በየመሃሉ ለመምህር መጫወቻ ስትቦረቡር የኔን ሥራ ታሳድራለህ ይላል። የኦሞድ ጀርባ ተተልትሎ ደሙ እስከ ወገቡ ወረደ። ገበያተኛው ቆሞ ያያል፤ የባላምባራስን አለንጋ የሚይዝ እጅ በዚያ አገር አልተፈጠረም ነበርና።

በሪሁን ሽንኩርት ሊገዛ ነበር የወጣው። ያየውን ሲያይ ሽንኩርቱን መሬት ጥሎ መጣ፤ አለንጋውን ነጥቆ በዚያው አለንጋ ባላምባራስን ፊቱ ላይ ሸነቆጠው። በአንድ ቢበቃው ነገሩ ባልከረረ። በሪሁን ግን ከጀመረ ማቆም አያውቅበትም። ጓንጉል አፈር ላይ እስኪንበረከክ፣ ጉንጩ ተሰንጥቆ ጥርሱ እስኪታይ ድረስ ገረፈው። ሎሌዎቹ ጠመንጃ ሲያቀባብሉ ኢድሪስ መሃል ገብቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ገበያውም ያን ጊዜ ነቅቶ ጮኸ። ጓንጉል ደሙን በነጠላው እየጠረገ፣ የዚህን ሰው አጥንት ሳልሰብር ብቀር የአባቴ ልጅ አይደለሁም ብሎ ማለ።

ሐጂ ሙሐመድኑር በጨው ንግድ ያረጁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚሰማቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሳምንታት ተመላልሰው ጓንጉልን አለዘቡት። በመጨረሻም በሪሁን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ጓንጉልም ይቅር እንዲል ተቆረጠ። በሪሁን ይህን ሲሰማ ቱግ አለ። ለዚያ አውሬ አንገቴን አልደፋም ብሎ ሲፎክር ኢድሪስ እጁን ያዘው።

«ድንጋይ ከሬሳ ይቀላል፤ ተሸከመው» አለው።

በሪሁን ጥርሱን ነክሶ እሺ አለ። ቀኑም ማክሰኞ ሲመሽ፣ ቦታውም የሐጂ ቤት እንዲሆን ተስማሙ።

ያ ወቅት ሣር የሚቃጠልበት ነው። ጭሱ ከአድማስ እስከ አድማስ ተጋድሞ ሳምንታት ሙሉ አንዲት ኮከብ አልታየችም፤ በሪሁንም በግቢው እንደ ታሰረ ውሻ ሲንጎራደድ ከረመ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ወረደና ጭሱን አጥቦት ሄደ። ሊመሽ ሲል ሰማዩ ወለል ብሎ ጠርቷል። በሪሁን ኢድሪስ ቤት ደርሶ ቱቦውን እናውጣ ሲለው ኢድሪስ ማመን አቃተው። ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ሰው ተጠርቷል፣ ጓንጉል በስንት ልመና እሺ ብሏል፤ ኮከቧ ደግሞ የትም አትሸሽም ብሎ ለመነው።

«ከነገ ጀምሮ ጨረቃ ታመሻለች፤ ጭሱም ይመለሳል» አለ በሪሁን። «ጓንጉል ግን ነገም ጓንጉል ነው። ድንጋዩን ነገ እሸከማለሁ።»

የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን መጣሉ ነበር። ኢድሪስ ጥቂት አሰበና፣ ወዳጁን ከመውደዱ የተነሣ፣ ተሸነፈ። ለሐጂም መምህሩን ወባ ጥሎታልና ቀጠሮው ለነገ ይሁን ብሎ ራሱ ሄዶ ነገራቸው። ጋምቤላ ውስጥ ወባ ይዞኝ ነው ብሎ የቀረን ሰው ማንም አይጠረጥርም። ኢድሪስ የዘነጋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታመመ ሰው ይጠየቃል።

ሐጂ ደግ ሰው ናቸው። ኢድሪስ እንደ ወጣ፣ እንግዲያውስ እንሂድና እንጠይቀው፣ ባላምባራስም ቢመጣ እርቁ በዚያው የጣፈጠ ይሆናል አሉ። ጓንጉልም አሰበበትና እሺ አለ። ያ ክፉ ሰው፣ ጉንጩ ላይ ያለው ቁስል ገና ሳይሽር፣ ለገረፈው ሰው አንድ ጠርሙስ ማር አስይዞ በጭቃው ውስጥ ተራመደ። ደርሰው ቢያንኳኩ ቤቱ ተዘግቷል፤ ጎረቤቲቱም መምህር ደህና ናቸው፣ አሁን ከኢድሪስ ጋር ያንን ግንድ ተሸክመው ወደ ወደቡ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ አለች። ጓንጉል የማሩን ጠርሙስ ደጃፉ ላይ ከሰከሰው። ሐጂ እጁን ሊይዙ ቢሞክሩ ገፍትሯቸው ሁለት ሎሌዎቹን አስከትሎ ወደ ወንዙ ወረደ።

በአሮጌው የወደብ መጋዘን ጀርባ ድሮ ክሬን የቆመበት የሲሚንቶ መድረክ አለ፤ ዙሪያውን የግንብ አጥር ከቦታል። በሪሁን መሣሪያውን የሚተክለው እዚያ ነው። ኢድሪስ ደግሞ ሰው ገብቶ እንዳይረግጥበት በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። በወንዙ በኩል አጥሩ ፈርሶ እስከ ወገብ ስለቀረ መውጫ አይጠፋም፤ በዚያ በኩል ግን ሸንበቆና አዞ ስላለ ማንም አይዞርም።

በሪሁን የፊልሙን ክዳን ሳበና ኮከቧን መስቀሉ ላይ አስቀመጣት። እንደዚያ ቀን ጠርታ አታውቅም። ብሎኑ ከጣቱ ጋር ተስማማ፣ ትንፋሹም ዝግ አለ። ጊዜው ከግማሽ ሲያልፍ ይህቺኛዋ ፎቶ እንደምትሳካ ልቡ ነገረው። የእግር ኮቴ የሰማው ያን ጊዜ ነው።

«ወባ ነው ያልከን አንተ አይደለህም?» አለ የጓንጉል ድምፅ ከበሩ ውጭ።

ኢድሪስ በተለመደው ለዛው መለሰ። መምህሩ ታሞ ክሊኒክ ሄዷል፣ በሩም እንደምታዩት ተቆልፏል፣ እኔ ዓሣ የሚያመጣልኝ ሰው እየጠበቅሁ ነው አለ። አንዱ ሎሌ ጓጉንቸሩን ነቅነቅ አድርጎ እውነቱን ነው፣ ውስጥ ሰው የለም አለ። ከዚያ ጥፊ ተሰማ። ወዲያው ሰደፍ ሥጋ ሲመታ የሚሰማው የታፈነ ድምፅ፣ ቀጥሎም አጥንት ሲያገኝ የሚሰማው ሌላ ድምፅ መጣ። የት ነው ያለው ይላሉ፤ ኢድሪስ አላውቅም ይላል። ደግሞ ይመታሉ። ኢድሪስ ወደቀ፤ ጀርባው የብረቱን በር ሲመታ በሩ ጮኸ።

በሪሁን ሰማ። ሁሉንም ሰማ። እነሱና እሱ መካከል ያለው አንድ ግንብ ብቻ ነው፤ የፈረሰው አጥር ደግሞ ከጀርባው ነው። አጥሩን ለመዝለል፣ ዞሮ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ኢምንት ነው። መጀመሪያ፣ ከባሰበት ይጠራኛል አለ በልቡ። ኢድሪስ ግን አልጠራውም። በሪሁንም ለምን እንደማይጠራው ያውቃል። ኢድሪስ ቢጮህ ፊልሙ ይበላሻል፤ ይህንን ከኢድሪስ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንዴ ብቻ «ያ አላህ» ሲል ተሰማ፤ እሱንም ቢሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ስለ ኦሞድ ጀርባ ሽንኩርቱን የጣለ ሰው ስለ ኢድሪስ ራስ ብሎኑን አልጣለም። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፈርቶ ቢሆን ደግ ነበር፤ ፍርሃት የሰው ነው፣ ይቅር ይባላል። በሪሁን ግን አልፈራም። ትንሽ ቀርታለች፣ ትንሽ፣ እያለ ኮከቧን መስቀሉ ላይ ይዞ ብሎኑን አዞረ። ላቡ በዓይኑ ሽፋሽፍት ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ ዓይኑን አልጨፈነም። ውጭ ያለው ዱላ አልቆመም።

ኦሞድ ወንዙ ላይ ከታንኳው ሆኖ ድምፁን ሰምቶ መቅዘፊያውን እንደ ያዘ ሮጦ ደረሰ። መጀመሪያ ያገኘውን ሎሌ አገጩን በመቅዘፊያው ጠረማመሰው፤ ሰውየው እንደ በሬ አጓራ። ጓንጉል ተኮሰ። ጥይቱ የኦሞድን ጆሮ ልጦ ግንቡን መታና የግንቡ ፍርፋሪ በሪሁን ትከሻ ላይ ወረደ። የበሪሁን ጣት ያን ጊዜም ብሎኑ ላይ ነበር። ተኩሱ ሰው ይጠራል ብለው ፈርተው ነው መሰል ጓንጉልና ሰዎቹ የተሰበረውን ጎትተው ጠፉ። በሪሁን ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቀ። ክዳኑን በጥንቃቄ መልሶ ገፋ። ከዚያ በኋላ ነው አጥሩን ዘሎ የሮጠው።

ኢድሪስ በሩ ሥር ተጣጥፎ ወድቋል፤ የራሱ ቅል በአንድ በኩል ገብቷል። ኦሞድ ጆሮው እየደማ ቃሬዛ ሊያመጣ ሲሮጥ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ኢድሪስ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ጨረስክ?» አለው።

«ጨረስኩ» አለ በሪሁን።

ኢድሪስ በተሰበረ ጥርሱ ሊስቅ ሞከረ። ጎሕ ሳይቀድ ሞተ፤ በማግሥቱም ቀትር ሳይሆን ቀበሩት።

ከቀብሩ መልስ የበሪሁን ደም ፈላ። አሁን፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ የታወቀው በሪሁን ተመለሰ። የኦሞድን የታንኳ መጥረቢያ ይዞ ጓንጉል ቤት ሄደ፤ በሩን ከፈለጠ በኋላ የጓዳውን ምሰሶ ፈለጠ፣ የቡናውን ጆንያ እየዘረገፈ፣ ሊይዘው የመጣውን ዘበኛ በመጥረቢያው እጀታ ፊቱን አፈራረሰው። ጓንጉል ሌሊቱን በበቅሎ ወደ ጎሬ ሸሽቶ አልተገኘም። ሎሌዎቹ ተረባርበው የበሪሁንን ግራ እጅ ሰበሩት፤ ፖሊስም መጥቶ ወሰደው። በጥቂት ቀን በዋስ ሲፈታ ሰው ጀግና ብሎ ተቀበለው። ለወዳጅ እንዲህ ነው የሚባለው፣ አሉ።

ለቅሶ ቤት የደረሰው እጁ አንገቱ ላይ ታስሮ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት ራሂማ ፊት ተንበርክኮ አለቀሰ፤ እንባው እውነተኛ ነበር። ድምፁን እንደ ሰማሁ ፊልሙን እንኳ ሳልዘጋ ጥዬ ዘለልኩ፣ ግን አልደረስኩለትም አላት። ማንም አልጠየቀውም ነበር፤ ከአፉ እንዲሁ ወጣ። ራሂማ በነጠላዋ ጫፍ እንባውን ጠረገችለት። እርስዎ ምን ያድርጉ፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብላ አጽናናችው፤ የተሰበረ እጁንም ራሷ አስተካክላ አሰረችለት።

ካሜራውን ከነፊልሙ ሰብስቦ ፎቶ ቤት ያገባው ኦሞድ ነው። በሪሁን ፊልሙን ለመጠየቅ አፍ አልነበረውም። ራሂማ ደግሞ ከቤት የማትወጣበት የሐዘን ጊዜዋ ነው። አንድ ቀን እዚያው ከመኖሪያቸው ጋር የተያያዘው ጨለማ ክፍል ገባች። ፊልሙ ክፍት ተጥሎ የቀረ፣ የተበላሸ መሆኑን በሪሁን ነግሯታል፤ ቢሆንም የባሏ የመጨረሻ ሥራ ነውና ሳላጥበው አይቀርም አለች።

በሌላው ቀን ኦሞድ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ራሂማ እንደምትፈልገው ለበሪሁን ነገረው። ሲገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ትልቅ ፎቶ ገና ውሃው ሳይደርቅ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል።

እሷ ነበረች። መሃሏ ቦግ ያለ፣ ክንዶቿ በጥቁር ጥላ ተለያይተው የሚጠመዘዙ፣ ዙሪያዋን በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ኮከቦች የከበቧት አንድሮሜዳ። በሪሁንን ደስ አለው። መሸሸግ አይገባም፤ ኢድሪስ አፈር ውስጥ እያለ፣ ራሂማ ነጭ ለብሳ አጠገቡ ቆማ እያለች፣ በሪሁንን ደስ አለው። ወደ ፎቶው ተጠግቶ በጤነኛ እጁ ጣት ክንዷን ከዳር እስከ ዳር ተከተለው።

«ጅራቱን አሳየኝ» አለች ራሂማ።

ዞር አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም ነበር።

«ድምፁን ስሰማ ጥዬ ዘለልኩ አልክ» አለች። «ፊልሙን ሳልዘጋ አልክ። የዘለልክበትን አሳየኝ። ኦሞድ ጥይት ተተኩሷል ይላል፤ እሱንም አሳየኝ። ባሌ በሩ ላይ የወደቀው የቱ ጋ ነው?»

በሪሁን ፎቶውን እንደገና አየ። በፎቶው ላይ ያሉት ኮከቦች ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ክብ ነበሩ። ለሌላ ሰው ሸምጥጦ ሊክድ ይችል ይሆናል፤ ማስነጠሱን እንኳ ከፊልም ላይ ላነበበች ሴት ግን የሚነገር ውሸት የለም።

ራሂማ በጥፊ መታችው። ደግማ መታችው። የፎቶ ማተሚያውን የእንጨት ፍሬም አንሥታ የተሰበረ እጁን መታችው፤ ፍሬሙ ተሰንጥቆ ስንጥሩ መዳፏን ቀደደው፤ በሚደማው እጇ እንደገና ፊቱን መታችው። በሕይወቱ አንዲት ጥፊ ሳይመልስ ያላደረው በሪሁን እጁን አላነሣም፣ አንገቱንም አላዞረም። ሕመሙ እስከ ትከሻው ሲወጣ ፈቀቅ እንኳ አላለም። እስክትደክም ድረስ እንደዚያው ቆመላት።

ራሂማ ትንፋሿ ተቆራርጦ ቆመችና አየችው።

«ያኔም እንዲህ ነው የቆምከው፣ ለካ» አለች።

ፎቶውን ከገመዱ አውርዳ እጁ ላይ አኖረችለት፤ ገና እርጥብ ነበር። ከዚያ ወደ ጨለማው ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች።